የቁስ አካላት የጋራ ባህርይ፦ ከወገዳ ጥቁር ድንጋይ እስከ ተዳፋት መሬት

በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ዞን የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወገዳ፣ እንዲሁም በአካባቢዋ የሚገኙት የጋይንትና የእስቴ ወረዳዎች የሰፈሩበት ምድር በአብዛኛው ከአንድ ዓይነት ድንጋይ የተሠራ ነው። ይኸውም ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቆ በስፋት የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ሲበርድ የፈጠረው፣ ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ነዋሪው በዚህ ድንጋይ ቤቱን ይሠራል፤ አጥሩንና እርከኑን ይክባል፤ ድንጋዩ በዘመናት ፈርሶ የሰጠውን አፈር ደግሞ ያርሳል።

ድንጋዩም ሆነ አፈሩ፣ የገበሬው ማረሻም ሆነ በአውድማ ላይ የተከመረው እህል አንድ የጋራ ጥያቄ ያስነሳሉ። እያንዳንዳቸው ከማይቆጠሩ ቅንጣቶች የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሁሉም በአንድነት የሚያሳዩት ባህርይ በነጠላው ቅንጣት ላይ ፈጽሞ አይገኝም። አንድ የብረት አቶም ጠንካራ ወይም ለስላሳ ሊባል አይችልም። አንድ የውኃ ሞለኪዩልም አይፈላም፣ አይረጋም። ጥንካሬ፣ ፍሰት፣ ማግኔትነትና ቀለም የሚወለዱት ቅንጣቶች ተሰብስበው እርስ በርስ ሲሳሳቡና ሲገፋፉ ነው።

ይህንን የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ በመባል ይታወቃል። ስያሜው ቅንጣቶቻቸው እጅግ ተቀራርበው የሚገኙባቸውን ቁሶች፣ ማለትም ጠጣሮችንና ፈሳሾችን ያመለክታል። ቀደም ሲል ዘርፉ የጠጣር ነገሮች ፊዚክስ ይባል የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ፊሊፕ አንደርሰንና ቮልከር ሃይነ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩበት የነበረውን የጥናት ቡድን በአዲሱ ስም ከሰየሙ ወዲህ ይኸው ስም እየተስፋፋ መጥቷል። የስሙ መለወጥ ለይስሙላ የተደረገ አልነበረም፤ ፈሳሾችም በዚያው ሕግ የሚተዳደሩ መሆናቸው እየተረጋገጠ በመሄዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆኑት አንደርሰን በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የነጠላውን ቅንጣት ሕግ ጠንቅቆ ማወቅ የብዙዎቹን ድምር ባህርይ ለማወቅ እንደማያበቃ ተከራክረዋል። በ1 ግራም ብረት ውስጥ የሚገኙት አቶሞች ብዛት 1 ተጽፎ 22 ዜሮ ከኋላው ሲከተለው የሚገኘውን ቁጥር ያህላል። የዚህን ሁሉ ቅንጣት እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ተከታትሎ ማስላት ለማንኛውም ኮምፒዩተር የማይቻል ነው። ደግነቱ አስፈላጊም አይደለም። በጉና ተራራ ግርጌ በጎች ሲሰማሩ አንዱ በግ መንጋውን በሙሉ አይመለከትም፤ ከጎኑ ያሉትን ጥቂቶች ብቻ አይቶ ይዞራል። ነገር ግን መንጋው በአንድነት አቅጣጫ ይለውጣል። የፊዚክስ ባለሙያዎችም የሚጠይቁት እያንዳንዱ ቅንጣት ለቅርብ ጎረቤቱ ምን ያደርጋል የሚለውን ሲሆን፣ ከዚያም የጠቅላላው መንጋ ጠባይ ምን እንደሚሆን በስታቲስቲክስ ስሌት ይደርሱበታል።

ለዚህ ከሁሉ የጠራው ምሳሌ ማግኔት ነው። በብረት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም በራሱ እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚቆጠር ሲሆን፣ ጎረቤቶቹ በሱ አቅጣጫ እንዲቆሙ ይገፋፋቸዋል። ሙቀት ደግሞ በተቃራኒው ያንቀጠቅጣቸዋል፤ አቅጣጫቸውንም ያዘበራርቃል። ፈረንሳዊው ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1895 ባቀረበው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በስሙ የተጠራው የሙቀት ወሰን በዚህ ትግል ውስጥ አሸናፊው የሚለወጥበት ነጥብ ነው። ለብረት ይህ ወሰን 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የጋለ ብረት በማግኔት አይሳብም፤ ሲበርድና ወሰኑን ወደ ታች ሲያልፍ ግን አቶሞቹ እንደገና በኅብረት ይሰለፋሉ። በብረቱ ላይ የተጨመረም ሆነ የተቀነሰ አንዳች ነገር የለም፤ የተለወጠው በአቶሞቹ መካከል ያለው ስምምነት ብቻ ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ፒየር ቫይስ እ.ኤ.አ. በ1907 እያንዳንዱ አቶም የሌሎቹን ሁሉ አማካይ ግፊት እንደሚቀበል አድርጎ ስሌት አቀረበ። ቬርነር ሃይዘንበርግ በ1928 የግፊቱ ምንጭ በኤሌክትሮኖች መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ከኳንተም ሕግ ጋር ተዳምሮ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ኤርንስት ኢዚንግ እጅግ ቀላል አምሳያ አጥንቶ ነበር። ጥቃቅን ማግኔቶች እንደ ዶቃ በአንድ መስመር ተሰልፈው እያንዳንዱ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር ብቻ ቢገናኝ ምን ይሆናል? በ1925 የታተመው የኢዚንግ መልስ፣ በእንዲህ ያለው ሰልፍ ውስጥ ትንሽ ሙቀት እንኳ ካለ የጋራ ሥርዓት አይጸናም የሚል ነበር። ምክንያቱም በመስመሩ ላይ አንድ ቦታ ስህተት ከተፈጠረ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ተገልብጦ ይቀራልና፤ የሚያርመው ሌላ ጎረቤት የለውም።

ላርስ ኦንሳገር እ.ኤ.አ. በ1944 ይኸው አምሳያ በመስመር ፈንታ በሰሌዳ ላይ ቢዘረጋ ሥርዓቱ በተወሰነ የሙቀት መጠን ላይ በድንገት እንደሚወለድ በትክክለኛ ስሌት አረጋገጠ። ጎረቤት ሲበዛ ስህተት የሚታረምበት መንገድም ይበዛል ማለት ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ላለው ቁስ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ የሒሳብ መፍትሔ አልተገኘለትም፤ በኮምፒዩተር የሚገኙት መልሶች ግን እጅግ ትክክለኛ ናቸው። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ ውኃ በ374 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በከፍተኛ ግፊት ሥር በፈሳሽነትና በእንፋሎትነት መካከል ያለው ልዩነት ሲጠፋበት የሚከተለው የሒሳብ ሕግ ከእነዚህ ማግኔቶች ሕግ ጋር አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ኬኔት ዊልሰን የዚህን አንድነት ምክንያት በማስረዳታቸው እ.ኤ.አ. በ1982 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በአገራችንም ይህ የጥናት መስክ ባለሙያዎች አሉት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ የተሰማሩበት ስታቲስቲካል ፊዚክስ፣ የብዙ ቅንጣቶችን የጋራ ጠባይ የሚያሰላው ዘርፍ ነው። በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩት እኚህ ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ከሌላ ምሁር ጋር ተቀብለዋል።

ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ስንመለስ ይኸው ሕግ በዐለት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቅልጡ ዐለት በምድር ላይ ሲፈስ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። ሲረጋ በውስጡ ማግኔታይት የተባሉ ጥቃቅን የብረት ማዕድን ፍሬዎች ይፈጠራሉ። ንጹሕ ማግኔታይት የጋራ ሥርዓቱን የሚያገኘው ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ነው፤ በባዛልት ውስጥ እንደሚታየው ቲታኒየም ሲቀላቀልበት ደግሞ ወሰኑ ዝቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት ፍሬዎቹ ምድር በወቅቱ ባላት የማግኔት መስክ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ድንጋዩ ሲበርድም አሰላለፋቸው እንደ ማኅተም ተጠብቆ ይቀራል።

አንዲት የማዕድን ፍሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ አቅጣጫዋን ሳትረሳ እንዴት ልትቆይ ቻለች የሚለውን ጥያቄ የመለሱት ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል ናቸው። ኔል እ.ኤ.አ. በ1948 የማግኔታይት አቶሞች በሁለት ወገን ተከፍለው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚቆሙና አንደኛው ወገን ስለሚያይል ድንጋዩ ማግኔት እንደሚሆን አስረዱ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በፍሬዋ ውስጥ ያሉት አቶሞች ሁሉ አቅጣጫ ለመለወጥ በኅብረት መዞር እንዳለባቸው፣ ለዚህ የሚጠበቀውም ጊዜ ከሙቀት መቀነስ ጋር በሚያስገርም ፍጥነት እንደሚረዝም አሳዩ። በጋለ ድንጋይ ውስጥ በደቂቃዎች የሚጠፋው ትዝታ በበረደ ድንጋይ ውስጥ የምድርን ዕድሜ ያህል ሊቆይ ይችላል። ኔል በ1970 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

የዐለት ማግኔትነት ለምድር ታሪክ ያለው ጥቅም ቀደም ብሎ የታየ ነው። በርናር ብሩን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1906 አቅጣጫው ከዛሬው በተቃራኒ የሆነ የረጋ ቅልጥ ዐለት አገኘ። የምድር የማግኔት ሰሜንና ደቡብ በየጊዜው እንደሚገለባበጡ የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 የታተሙ ጥናቶች በሰሜን ጎንደር ከሊማሊሞ፣ በወሎ ከወገል ጤና ገደሎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። በድንጋዮቹ ውስጥ የተቀረጸውን የአቅጣጫ መገለባበጥ ከዕድሜ ልኬት ጋር በማነጻጸር፣ ያ ሁሉ የባዛልት ክምር በአብዛኛው የተፈጠረው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ መሆኑን አመልክተዋል። ጋይንትና ስማዳ በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች መካከል በተዘረጋው አምባ ላይ የሚገኙ ናቸው። የጉና ተራራ ግን ኋላ የመጣ ነው፤ የተፈጠረው ከ11 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው።

በነገራችን ላይ በዚህ አገር ኮምፓስ ይዞ በአምባ ጫፍ ላይ የሚቆም ሰው መጠንቀቅ ይገባዋል። መብረቅ የመታው ባዛልት በኃይለኛው የኤሌክትሪክ ጅረት የተነሣ የቀድሞ አሰላለፉን ትቶ በአዲስ መልክ ማግኔት ስለሚሆን የኮምፓሱን ቀስት ያሳስታል። በዚህም ምክንያት የድንጋይ ናሙና የሚሰበስቡ ባለሙያዎች አቅጣጫን በፀሐይ ጥላ ጭምር ይለካሉ።

የአቶሞች ኅብረት በአካባቢው ባለ እጅ ወናፍ ፊት ለፊትም ይታያል። ባለ እጁ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ብረቱን እስኪቀላ ያግላል፤ ከዚያም በውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ብረት ሲግል አቶሞቹ የተደረደሩበት መልክ ይለወጣል። ንጹሕ ብረት ይህንን የሚያደርገው በ912 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ካርቦን የተቀላቀለበት ብረት ግን ዝቅ ባለ ሙቀት ይለወጣል። በአዲሱ ድርድር መካከል ለካርቦን አቶሞች የሚሆን ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። ብረቱ ቀስ ብሎ ቢበርድ ካርቦኑ ከክፍተቱ ይወጣል፤ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል። በድንገት ውኃ ውስጥ ሲነከር ግን መውጫ ጊዜ ያጣው ካርቦን ተወጥሮ ይቀርና ብረቱን እጅግ ያጠነክረዋል። ከመጠን በላይ የጠነከረው ደግሞ በድንጋያማ መሬት ላይ ተሰባሪ ስለሚሆን እንደገና በመጠኑ መሞቅ ይኖርበታል። ባለ እጁ ይህንን ልክ የሚያውቀው በብረቱ የቅላት ዓይነት ነው። ይህ እውቀት ለዘመናት የተገኘውን ክብር አለማግኘቱ የሚያሳዝን ነው።

ከጋይንት በስተ ምሥራቅ በደቡብ ወሎ ዞን ደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የሚወጣው ኦፓልም ቀለሙን የሚያገኘው ከአደራደር ነው። ኦፓል በይዘቱ ከአሸዋና ከመስታወት ብዙም አይለይም፤ ሲሊካና ውኃ ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 የአገራቸውን ኦፓል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ እኩል መጠን ያላቸው ጥቃቅን የሲሊካ ድብልብሎች በሥርዓት ተደርድረው አገኙ። በድርድሩ መካከል ያለው ርቀት ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ ድንጋዩ እንደየአቅጣጫው የተለያየ ቀለም ይመልሳል። የወገል ጤና ኦፓል ደግሞ በብዛት ውኃ የሚመጥ ነው። ውኃ በቀዳዳዎቹ ሲሞላ የብርሃን አመላለሱ ስለሚለወጥ ቀለሙ ሊደበዝዝና ድንጋዩ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይኸው ባህርይ ለማቅለሚያ ምቹ ስለሚያደርገው በገበያ ላይ ጥርጣሬ አሳድሯል። አምራቹም ሆነ ነጋዴው ምክንያቱን ማወቁ ለዋጋ ድርድር የሚጠቅመው ይሆናል።

እስከ አሁን የተነገረው ስለ አቶሞችና ስለ ጥቃቅን ፍሬዎች ነው። የጋራ ባህርይ ግን በዓይን በሚታዩ ቅንጣቶችም ላይ ይሠራል። እመቤቶች እህል በሰፌድ ሲያንገዋልሉ ጓሉና ትልልቁ ፍሬ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ሰፌዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትናንሾቹ በተከፈተው ክፍተት ወደ ታች ስለሚገቡ ነው። በጎተራ ውስጥ የተሞላ እህልም እንደ ውኃ አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1895 እንዳሳየው፣ የእህሉ ከፍታ ቢጨምርም በጎተራው ወለል ላይ ያለው ጫና ከተወሰነ ልክ አያልፍም፤ ክብደቱን ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ወደ ግድግዳው ያስተላልፉታልና። ጎተራ ሲፈርስ ብዙውን ጊዜ ከጎኑ የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

አፈር ከዚህ የረቀቀ ነው። ከባዛልት መፍረስ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በአገሪቱ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል። የዚህ አፈር ሸክላ ከስስ ቅጠሎች የተነባበረ ሲሆን፣ የአንዱ ቅጠል ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛውን ያህላል። ቅጠሎቹ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው በመካከላቸው ውኃ ይስባሉ፤ አፈሩም በክረምት ያብጣል፣ ውኃ አላሳልፍም ይላል። በበጋ ውኃው ሲወጣ ይኮማተርና እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፈትበታል። ስንጥቁ ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጽ የሚይዘው ባዛልት ሲበርድ ባለ ስድስት ማዕዘን ምሰሶ ሆኖ እንደሚሰነጠቀው ሁሉ ነው፤ በአንደኛው መኮማተር የሚመጣው በመድረቅ፣ በሌላው በመቀዝቀዝ ነው። ገበሬው ውኃውን ለማስወጣት በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱ ግን ቁልቁል ከሄደ አፈሩን ይዞ ስለሚወርድ አቅጣጫው ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር የሚቆመው ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተጫጭነው በሚፈጥሩት ሰበቃ ነው። ትንሽ እርጥበት ያጸናዋል፤ በፍሬዎቹ መካከል የተንጠለጠለው ውኃ ስለሚያስተሳስራቸው ነው። ክፍተቱ በሙሉ በውኃ ሲሞላ ግን ውኃው ራሱ ክብደት መሸከም ይጀምራል፤ ፍሬዎቹን አላቆ ያንሳፍፋቸዋል፤ ሰበቃውም ይቀንሳል። ካርል ቴርዛጊ የተባሉት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያስቀመጡት ይህ መርሕ የአፈር ምሕንድስና መሠረት ነው። ዋናው ቁም ነገር ለውጡ ቀስ በቀስ አለመታየቱ ነው። ተዳፋቱ ለሳምንታት ዝናብ ሲጠጣ ቆይቶ ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላል፤ ወሰኑ ሲታለፍ ግን ጠጣር የነበረው መሬት በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ፈሳሽ ይወርዳል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ገደላማ በሆኑት የበሽሎ ተፋሰስ አካባቢዎችም በክረምት መጨረሻ አፈሩ ውኃ ጠግቦ በሚገኝበት ጊዜ ሊታዩ የሚገባቸው ምልክቶች አሉ። ከተዳፋቱ በላይ አዲስ ስንጥቅ መከፈቱ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ዛፎችና ምሰሶዎች ማዘንበላቸው፣ የቤት በር ያለ ምክንያት አልዘጋም ማለቱ፣ ምንጭ በማያውቀው ስፍራ መፍለቁ ወይም ጥርት ያለው ምንጭ በድንገት መደፍረሱ ፍሬዎቹ መላቀቅ መጀመራቸውን ያመለክታሉ። እነዚህ ከታዩ ዝናቡ እስኪያባራ ከተዳፋቱ ግርጌ መራቅ ይገባል። ዝናቡ ቢያቆምም ወደ ታች የሰረገው ውኃ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

በጎፋ ብዙዎች የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ወገኖቻቸውን ለማውጣት ተሰብስበው ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ደርሶባቸው ነው። የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላይ የቀረውን አፈር ደግፎት የነበረውን እግር ይዞ ይሄዳል፤ ከበስተኋላው የሚቀረውም ገጽ ከቀድሞው የባሰ ቀጥ ያለ ነው። በውስጡ ያለው ውኃ ደግሞ ገና አልወጣም። ስለሆነም ለነፍስ አድን የሚሰማሩ ሰዎች ቁጥር እንዲወሰን፣ ከላይ በኩል ስንጥቁን የሚመለከት ጠባቂ እንዲቆም፣ የቀረውም ሕዝብ በጎን በኩል ራቅ ብሎ እንዲጠብቅ ማድረግ ያስፈልጋል።